የጃንጎ አድሚን ቴምፕሌቶችን ገልብጬ ነበር፤ ቨርዥን ስንቀይር ተበላሸ። አሁን ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ብቸኛዋ ዴቨሎፐር ነኝ። የዕቃ ግምጃ ቤቱም የሽያጭ ክፍሉም ሥራቸውን የሚሠሩት በጃንጎ አድሚን (ጃንጎ የሚባለው የፓይተን ዌብ ማዕቀፍ ይዞት በሚመጣው ዝግጁ የመረጃ ማስገቢያ ገጽ) ነው። ሎጎ፣ ቀለምና አማርኛ ለማስገባት ብዬ የአድሚኑን ቴምፕሌቶች (የገጾቹን ኤችቲኤምኤል የያዙትን ፋይሎች) በሙሉ ወደ ፕሮጀክቴ ገልብጬ እዚያው ላይ አስተካክያቸው ነበር። ከ3.2 ወደ 5.2 ስንሻገር ግን ሎግአውት ሲነካ 405 የሚል ስህተት ይመጣል። ለትዕዛዝ ገጽ ብቻ ብዬ የጨመርኩት የማተሚያ ቁልፍ ደግሞ ሁሉም ገጽ ላይ ወጥቷል። አለቃዬ የግምጃ ቤት ሠራተኞች ምንም ነገር እንዳይሰርዙ ስላለኝ የመሰረዣውን ቁልፍ ከቴምፕሌቱ አጥፍቼዋለሁ። ቴምፕሌቶቹን አንድ በአንድ ልጠግን ወይስ አድሚኑን ትቼ የራሴን ገጽ ከባዶ ልሥራ?»

ምላሽ፦

ሁለቱንም አታድርጊ። የገለበጥሽውን ፎልደር ከፕሮጀክቱ አውጪውና በምትኩ ጥቂት ትንንሽ ፋይሎች ጻፊ። አብዛኞቹ አሥር መስመር አይሞሉም። ምክንያቱን ከ405ቱ ልጀምር፤ እሱ ከገባሽ ሌላው ይቀላል። የፋይልና የሴቲንግ ስሞችን እዚህ እንደሚነበቡ አድርጌ ነው የምጽፋቸው፤ ኮዱ ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው።

በ3.2 ጊዜ ሎግአውት ተራ ሊንክ ነበር። ሲነካ ብራውዘሩ የ«ጌት» (ገጽ አሳየኝ የሚል) ጥያቄ ይልካል፣ ሰርቨሩም ያስወጣል። ይህ አሠራር ክፍተት ነበረው። አንዷ ሠራተኛ ሰው የላከላትን ሊንክ ብትነካ፣ ወይም ብራውዘሩ ለፍጥነት ብሎ ሊንኩን ቀድሞ ቢከፍተው፣ ሳታስበው ከአድሚኑ ትወጣለች። ስለዚህ ጃንጎ ከ4.1 ጀምሮ ሎግአውት በ«ፖስት» (ፎርም ሲላክ በሚሄደው ጥያቄ) ብቻ እንዲደረግ ማስጠንቀቅ ጀመረ። 5.0 ላይ የድሮውን መንገድ ጭራሽ ዘጋው። አዲሱ ቴምፕሌት ላይ ሎግአውት ሊንክ መሆኑ ቀርቶ የሲኤስአርኤፍ ቶክን (ጥያቄው ከራሱ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ኮድ) ያለው ትንሽ ፎርም ሆኗል። አንቺ ጋ ያለው ግን የ3.2 ቅጂ ነው። ሰርቨሩ የ5.2ን ሕግ ይዟል፣ ገጹ በ3.2 ሕግ ያንኳኳል። 405 የሚልሽ «አድራሻው ልክ ነው፣ የመጣሽበት መንገድ ግን አይፈቀድም» ነው።

ሊንኳን ወደ ፎርም ቀይረሽ ዛሬውኑ መገላገል ትችያለሽ። ግን 405 የሚታየው ስህተት ብቻ ነው፤ ድምፅ ሳያሰሙ የተበላሹም ይኖራሉ። ሲኤስኤሱና ጃቫስክሪፕቱ ከአዲሱ ጃንጎ ነው የሚመጡት፣ ኤችቲኤምኤሉ ደግሞ ከአሮጌው ቅጂሽ። 4.2 ላይ የመጣው የብርሃንና የጨለማ መቀያየሪያ አንቺ ጋ የለም፤ ምክንያቱም ቴምፕሌትሽ ስለ እሱ አያውቅም። ቨርዥን በተቀየረ ቁጥር እንዲህ ያለ ነገር ይጠራቀማል። የጸጥታ ማስተካከያ የሚመጣውም አንዳንዴ በቴምፕሌቱ በኩል ነው፤ ከ405ሽ ጀርባ ያለውም ይኸው ነው።

ወደዚህ ያመጣሽ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ነው። ብዙ ሰው አንድን የአድሚን ቴምፕሌት ለመቀየር ሙሉውን ፋይል መገልበጥ ግዴታ ይመስለዋል። አይደለም። ጃንጎ ቴምፕሌት ሲፈልግ መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲርስ» ላይ የሰጠሽውን ፎልደር ያያል። እዚያ ካጣ «ኢንስቶልድ አፕስ» ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል የየአፑን (የየፕሮጀክቱን ክፍል) የቴምፕሌት ፎልደር ያስሳል። መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል፣ ሌላውን አያይም። ስለዚህ ያንቺ ፋይል ቀድሞ ከተገኘ በቂ ነው። ከ1.9 ጀምሮ ደግሞ አንድ ቴምፕሌት በራሱ ስም የሚጠራውን ዋናውን ቴምፕሌት መውረስ ይችላል፤ ጃንጎ ራሱን እየዞረ አይበላም፣ የአንቺን አልፎ ቀጣዩን ይይዛል። ማለትም ፋይልሽን ዋናው ባለበት ስም ትሰይሚያለሽ፣ በመጀመሪያው መስመር «ኤክስቴንድስ» ብለሽ ያንኑ ስም ትጠሪያለሽ፣ ከዚያ የምትፈልጊውን አንድ ብሎክ (ስም የተሰጠው የቴምፕሌት ክፍል) ብቻ ትጽፊያለሽ። የቀረው ሁሉ ከ5.2 ይመጣል። ነገ ወደ 6 ስትሻገሪም ከ6 ይመጣል።

የብሎኮቹን ስም ለማወቅ ዋናውን ፋይል ማንበብ ግድ ነው። ጃንጎ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ «ኮንትሪብ»፣ ከዚያ «አድሚን»፣ ከዚያ «ቴምፕሌትስ» ብለሽ ግቢ። አንብቢ እንጂ አትቅጂ። የጃንጎ ዲበግ ቱልባር ካለሽ ደግሞ የቴምፕሌት ክፍሉ የትኛው ገጽ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። የድርጅቱን ስም ከላይ ለማስገባት ቴምፕሌት አያስፈልግሽም። ዩአርኤሎቹ ያሉበት ፋይል ላይ የአድሚን ሳይቱን «ሳይት ሄደር»፣ «ሳይት ታይትል» እና «ኢንዴክስ ታይትል» መስጠት በቂ ነው። ሦስት መስመር፣ አለቀ። ሎጎ ሲሆን ግን «ቤዝ ሳይት» የሚባለውን ፋይል በራስሽ «አድሚን» ፎልደር ፍጠሪና «ብራንዲንግ» የሚለውን ብሎክ ጻፊ። ቀለሙን «ኤክስትራ ስታይል» ብሎክ ውስጥ አስገቢ። ከ3.2 ጀምሮ የአድሚኑ ቀለሞች በሲኤስኤስ ቫሪያብል ነው የተቀመጡት፤ «ፕራይመሪ»ን፣ «ሴኮንደሪ»ን እና «አክሰንት»ን ብትቀይሪ ገጹ በሙሉ ይከተላል። ቫሪያብሎቹን ለብርሃኑም ለጨለማውም ስጫቸው፤ አለበለዚያ ስልኩን ጨለማ ላይ ያደረገ ሠራተኛ የማይነበብ ገጽ ያገኛል። «ብሎክ ሱፐር» የምትለዋን እንዳትረሺ። እሷን ካልጻፍሽ የአንቺ ብሎክ የዋናውን ይተካዋል እንጂ አይጨምርበትም። ግማሽ ገጽ ጠፋብኝ የሚል ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ለፊደላችን አንድ ጥሩ ነገር አለ። ከ4.2 ጀምሮ አድሚኑ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ፎንት ይጠቀማል፤ ፎንቱም በቫሪያብል ይቀየራል። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ን እዚያ ብታስገቢ የአማርኛው ጽሑፍ በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ይሆናል። ፎንቱን ግን ከራስሽ ሰርቨር ስጪ። ከውጭ ሲዲኤን (ፋይል አከፋፋይ ሰርቨር) የምትጠሪ ከሆነ ኢንተርኔት በተቆራረጠ ቁጥር ገጹ እሱን ሲጠብቅ ይንቀራፈፋል። የቢሮ ኔትወርክ ላይ ብቻ የሚሠራ ሲስተም በውጭ ኢንተርኔት ምክንያት ሲቆም ማየት ያናድዳል።

የማተሚያ ቁልፉ ሁሉም ጋ የወጣው የጋራውን ፋይል ስለነካሽ ነው። ለአንድ ሞዴል (እንደ ትዕዛዝ ያለ የዳታቤዝ ሠንጠረዥን የሚገልጽ ኮድ) ብቻ ከሆነ ፋይሉ «አድሚን»፣ ቀጥሎ የአፑ ስም፣ ቀጥሎ የሞዴሉ ስም በሚል ፎልደር ውስጥ ይገባል። የሞዴሉ ስም ሁሉም በትንንሽ ፊደል ተያይዞ ነው የሚጻፈው። ሞዴልሽ ሁለት ቃል ቢሆንም መሃሉ ላይ ሰረዝ አይገባም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሰረዝ ያስገባና ለምን አልሠራም ብሎ ግማሽ ቀን ያጠፋል። ለአንቺ የሚሆነው ፋይል «ቼንጅ ፎርም ኦብጀክት ቱልስ» ነው። ከላይ በቀኝ በኩል «ታሪክ» የሚለው ቁልፍ ያለባት ትንሽ ቁራጭ ናት። እሷን ውረሺ፣ «ኦብጀክት ቱልስ አይተምስ» ብሎክ ውስጥ «ብሎክ ሱፐር» ብለሽ ያንቺን ሊንክ ጨምሪ። ትልቁን «ቼንጅ ፎርም» መንካት የለብሽም። እንደ «ቤዝ ሳይት»፣ «ኢንዴክስ» እና «ሎጊን» ያሉት ግን በሞዴል አይለያዩም፤ ለጠቅላላው ሳይት አንድ ናቸው።

ቁልፉ የሚወስድበት ገጽ ላይ ተጠንቀቂ። ለማተሚያው ሞዴል አድሚኑ (ሞዴሉ አድሚን ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ክላስ) ውስጥ «ጌት ዩአርኤልስ» ብለሽ አድራሻ ስትጨምሪ ቪውውን (ገጹን የሚያዘጋጀውን ኮድ) በ«አድሚን ቪው» መጠቅለል አለብሽ። ካልጠቀለልሽው ያ ገጽ ሎጊን ላላደረገ ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ የደንበኛ ስምና ዋጋ ያለበት ትዕዛዝ አድራሻውን ለገመተ ሁሉ ይነበባል። የራስሽን አድራሻ ከዋናዎቹ በፊት አስቀምጪ፤ ከኋላ ካደረግሽው የአድሚኑ አድራሻ ቀድሞ ይውጠዋል።

ከጥያቄሽ ሁሉ ያሳሰበኝ የመሰረዣው ጉዳይ ነው። ቁልፉን ከቴምፕሌቱ ማጥፋት መሰረዝን አይከለክልም። ቁልፉ ባይታይም መብቱ ያለው ሰው በአድራሻው መጨረሻ ላይ ያለውን «ቼንጅ» በ«ዲሊት» ቢተካ የማረጋገጫው ገጽ ይከፈትለታል። ያም ይቅር። የዝርዝሩን ገጽ ክፈቺ። ከላይ ያለችው የድርጊት ሳጥን ውስጥ «የተመረጡትን ሰርዝ» የሚል አለ። ከአንዱ ትዕዛዝ ገጽ ላይ ቁልፉን አጥፍተሽ ይሄኛውን ትተሽዋል። አንድ ሠራተኛ ሁሉንም የምትመርጠዋን ሳጥን ቢነካ ገጹ ላይ ያሉትን በሙሉ ይመርጣል፤ ካልቀየርሽው በአንድ ገጽ 100 ነው። ከዚያ ጥቂት ክሊክ ነው የቀረው።

ይባስ ብሎ በዚህ መንገድ ሲሰረዝ የሞዴሉ የራሱ «ዲሊት» ሜተድ አይጠራም። «ትዕዛዝ ሲሰረዝ ዕቃው ወደ ስቶክ ይመለስ» የሚል ኮድ እዚያ ጽፈሽ ከሆነ አይሠራም። ትዕዛዙ ይጠፋል፣ ቁጥሩ አይመለስም፣ ቆጠራ ላይ ጉድ ይፈላል።

ትክክለኛው ቦታ ፐርሚሽን ነው። ጃንጎ ለእያንዳንዱ ሞዴል አራት መብት በራሱ ይፈጥራል፦ መጨመር፣ መቀየር፣ መሰረዝ፣ ማየት። «ግምጃ ቤት» የሚል ግሩፕ ፍጠሪ፣ መሰረዝን ሳትሰጪ የቀሩትን ስጪ፣ ሠራተኞቹን እዚያ አስገቢ። ያኔ ቁልፉም ይጠፋል፣ ከድርጊት ሳጥኑ ውስጥ «የተመረጡትን ሰርዝ»ም ይጠፋል፣ አድራሻውን በእጅ ቢጽፉም አይከፈትም። አንድም የቴምፕሌት መስመር አልነካሽም። ማንም እንዳይሰርዝ ከፈለግሽ ደግሞ ሞዴል አድሚኑ ላይ «ሃዝ ዲሊት ፐርሚሽን» ሐሰት እንዲመልስ አድርጊ። ይሄኛው ሱፐርዩዘሩንም (ሁሉም መብት ያለውን ተጠቃሚ) ያግዳል።

ሱፐርዩዘር ካልኩ አይቀር፣ ስንት ሠራተኛ ሱፐርዩዘር እንደሆነ ዛሬ እዪ። እዚህ ከተማ ባየኋቸው ትንንሽ ቢሮዎች «ለጊዜው ይሥራበት» ተብሎ ሁሉም ሰው ሱፐርዩዘር ይደረጋል፣ ያ ጊዜያዊ ነገር ዓመት ያልፈዋል። ሱፐርዩዘር ለሆነ ሰው የግሩፕ ፐርሚሽን ትርጉም የለውም፤ ጃንጎ ሳያይ ያሳልፈዋል። ሰው ወደ አድሚን ለመግባት የሚያስፈልገው «ስታፍ» መሆን ብቻ ነው። የሞዴሎችሽን ፎሪን ኪዎችም (አንዱን ሞዴል ከሌላው የሚያያይዙትን ፊልዶች) አብረሽ ተመልከቺ። አቅራቢው ላይ «ካስኬድ» ካለ አንድ አቅራቢ ሲሰረዝ ትዕዛዞቹ ተያይዘው ይሄዳሉ። ማረጋገጫው ገጽ ዝርዝሩን ያሳያል፤ የሚያነበው ግን የለም። «ፕሮቴክት» (የተያያዘ ነገር ካለ መሰረዝን የሚከለክለውን) አድርጊው።

አማርኛውም ቴምፕሌት ውስጥ አይደለም መጻፍ ያለበት። የሞዴሉና የፊልዶቹ ስም «ቨርቦዝ ኔም» ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ በዝርዝሩም፣ በፎርሙም፣ በስህተት መልእክቱም ላይ ራሱ ይወጣል። «ቨርቦዝ ኔም ፕሉራል»ንም አብረሽ ሙዪ። ካልሞላሽው ጃንጎ በእንግሊዝኛ ልማዱ መጨረሻ ላይ ኤስ ይለጥፋል። ሜኑው ላይ «ትዕዛዝ» ከሚለው ቀጥሎ ብቻዋን የቆመች የላቲን ኤስ ካየሽ ከዚህ ነው የመጣችው። እንደ «አስቀምጥ» እና «ፈልግ» ያሉት የአድሚኑ የራሱ ቃላት ሌላ ጉዳይ ናቸው። የጃንጎ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ስዋሂሊና ኢግቦ አሉ፣ አማርኛ የለም። ስለዚህ የቋንቋ ኮዱን ዝም ብለሽ ወደ አማርኛ ብትቀይሪ የሲስተም ቼኩ ያስቆምሻል። ዝርዝሩን ራስሽ ጽፈሽ የትርጉም ፋይል አዘጋጅተሽ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ከሰዓት ተቀምጦ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የፊልዶቹን ስም ብቻ አማርኛ አድርጌ ሠራተኞቹ ምን ያህል እንደቀራቸው እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ «ሴቭ» የሚለውን ለምደውታል።

ባትጠይቂኝም ቀጥሎ የሚመጣው የአለቃሽ ጥያቄ የኢትዮጵያ ቀን ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዳታቤዝ ውስጥ እንዳታስቀምጪ። የፓይተን ቀን 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ጳጉሜን አይቀበልም። ጳጉሜ እስኪደርስ እንኳ አትደርሺም፤ ጥቅምት 30ን ሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ብሎ ስለሚያነበው እዚያው ይወድቃል። በፈረንጁ አስቀምጪ፣ «ሊስት ዲስፕሌይ» (የዝርዝሩ ገጽ ዓምዶች) ላይ ቀይሮ የሚያሳይ ሜተድ ጨምሪ። የቀን መምረጫ ሳጥኑን ራሱን መቀየር ከፈለግሽ ግን ወጥመድ አለው። የዊጀት (የፎርሙ ሳጥኖች) ቴምፕሌቶች የሚፈለጉት በሌላ መንገድ ነው፤ በነባሪው አሠራር «ዲርስ» ላይ ያለው ፎልደርሽ አይታይም። ወይ አፕሽ ውስጥ አስቀምጪና አፑን ከአድሚኑ በፊት ጻፊ፣ ወይ የፎርም ሬንደረሩን (ፎርሙን ወደ ኤችቲኤምኤል የሚቀይረውን) «ቴምፕሌትስ ሴቲንግ» ወደሚባለው ቀይረሽ «ጃንጎ ፎርምስ»ን ኢንስቶልድ አፕስ ላይ ጨምሪ።

አድሚኑን ትቼ የራሴን ልሥራ ወይ ላልሽው፣ አሁን አይደለም። ግን ድንበሩን እወቂ። ጃንጎ የተወለደው ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ በሚባል ከተማ ጋዜጣ ቤት ነው፤ አድሚኑ ለአዘጋጆች መረጃ ማስገቢያ ነበር። ሰነዱ ዛሬም ለድርጅት ውስጥ ሥራ ነው፣ ሙሉ ገጽታሽን በእሱ ላይ አትገንቢ ይላል። የግምጃ ቤትና የሽያጭ ሠራተኞችሽ ልክ እዚያ ውስጥ ናቸው። ደንበኞች፣ ሆስፒታሎች ወይም ከውጭ የሚገቡ ወኪሎች ይጠቀሙበት የተባለ ቀን ግን የራስሽን ቪው ሥሪ። ሌላ ምልክትም አለ። ለአንድ ሥራ «ቼንጅ ፎርም»ን እየቆራረጥሽ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ገጽ ልታወጪበት እየታገልሽ ከሆነ፣ ያ ሥራ የራሱ ገጽ ይገባዋል። አድሚኑ ውስጥ አንድ ሊንክ ብቻ አስቀምጪለት።

እንደ ጃዝሚን እና አንፎልድ ያሉ ዝግጁ ቴሞች ላይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ያምራሉ። ግን እነሱም የአድሚኑን ቴምፕሌቶች በራሳቸው ይተካሉ፤ ዛሬ በእጅሽ የገባሽበትን ችግር በሌላ ሰው እጅ ማስገባት ነው። ጃንጎ በተቀየረ ቁጥር እነሱ እስኪከተሉ ትጠብቂያለሽ። ብቻዋን ለምትሠራ ዴቨሎፐር አልመክርም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ የፐርሚሽኑን ነገር ዛሬውኑ አስተካክዪ፤ እሱ ቴምፕሌቱን አይጠብቅም። ከዚያ ጊት ላይ ብራንች ክፈቺ፣ የገለበጥሽውን «አድሚን» ፎልደር በሙሉ ሰርዢ፣ ሲስተሙን አስነሺ። ሎግአውት ወዲያው ይሠራል። ቀጥሎ የጎደለሽን አንድ በአንድ መልሺ፤ የድርጅት ስም፣ ሎጎና ቀለም፣ የማተሚያ ቁልፍ። ከድሮው ቅጂሽ ውስጥ ምን እንደቀየርሽ ካላስታወስሽ ከ3.2 ዋና ፋይሎች ጋር በዲፍ አነጻጽሪ፤ ልዩነቱ ያንቺ ሥራ ነው፣ ሌላው ትርፍ ነው። ሰርቨሩ ላይ ስትጭኚ «ኮሌክት ስታቲክ» አሂጂና ገኒኮርንን (ጃንጎን የሚያስኬደውን ሰርቨር) እንደገና አስነሺው፤ ቴምፕሌቶች ካሽ ስለሚደረጉ ሳታስነሺው ለውጡ አይታይም።

ይህን ሁሉ ሰኔ ውስጥ አትሞክሪው። የበጀት ዓመቱ መዝጊያና ቆጠራው እዚያ ላይ ነው፣ ግምጃ ቤቱ አንድ ቀን እንኳ ሲስተም ቢያጣ አንቺን ነው የሚይዙት። 5.2 እስከ ሚያዝያ 2028 በፈረንጆቹ ድጋፍ ስላለው ቀጣዩ ሽግግር አያጣድፍሽም። ያኔ የሚጠብቁሽ ራስሽ የጻፍሻቸው ጥቂት ፋይሎች ብቻ ናቸው፤ የወረስሻቸው ብሎኮች ስም እንዳልተቀየረ አይተሽ ማለፍ ነው።